ዘጠነኛ ክፍል «ገና» አይደለም

ጥያቄ፦

«የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። የመጀመሪያ ልጃችን ዘጠነኛ ክፍልን ልትጨርስ ጥቂት ወራት ቀርቷታል። ጎበዝ ናት፤ ዘንድሮ ግን በሂሳብ ሲ አመጣች። ባለቤቴ 'ገና ሦስት ዓመት አለ፤ 12ኛ ክፍል ስትደርስ ጠንክራ ታጠናለች' ይላል። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት እናት ደግሞ 3,000 ዶላር ከፍላ ለልጇ የኮሌጅ አማካሪ ቀጥራለች። ያንን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኔ ያለኝ የእቁብ 6,000 ዶላር ነው። እንግሊዝኛዬ ለሥራዬ ይበቃኛል፤ ትምህርት ቤት ሄጄ ለመነጋገር ግን አፌ ይተሳሰራል። ልጄ አንዳንዴ ዶክተር እሆናለሁ ትላለች፤ አንዳንዴ ደግሞ አልፈልግም ትላለች። ከየት ልጀምር? ዘግይቻለሁ ወይ?»

እንቅልፍ ያጣሁት እናት

መልስ፦

እህቴ፣ «አንቺ» ብዬ ስጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አልዘገየሽም። ባለቤትሽ «ገና ነው» የሚለው ግን ልክ አይደለም፤ መልሴን ከዚያ ልጀምር።

እሱን አልወቅሰውም። ይህን ሐሳብ ሁላችንም ከአገር ቤት ይዘነው መጥተናል። እኛ ስንማር ሁሉም ነገር የሚቆረጠው ማትሪክ ላይ ነበር። ዘጠነኛንና አሥረኛን እንደምንም ያለፈ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ሌሊት ሌሊት አጥንቶ ጥሩ ነጥብ ካመጣ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የዘጠነኛ ክፍል ካርዱን የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ ጭንቀታችንንም ጸሎታችንንም ለዚያች አንድ ፈተና እናስቀምጥ ነበር።

እዚህ ማትሪክ የለም። ያለው ትራንስክሪፕት ነው። ልጅሽ ከዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ የወሰደችው እያንዳንዱ ክላስ፣ ያመጣችው እያንዳንዱ ግሬድ እዚያ ላይ ተጽፏል። ኮሌጅ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ወረቀት ነው። አሁን ጊዜውን አብረን እንቁጠር። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን፣ ኮሌጅ ፓርክ ያለውን፣ ጨምሮ ብዙ ኮሌጆች ቀድመው ለሚያመለክቱ ተማሪዎች ቀነ ገደባቸው ኖቬምበር 1 ነው። (ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።) ልጅሽ 12ኛ ክፍል ገብታ ሁለት ወር ያህል እንደቆየች ማመልከቻው መግባት አለበት ማለት ነው። ታዲያ ያኔ ኮሌጁ የሚያየው የየትኛውን ዓመት ግሬድ ነው? የዘጠነኛን፣ የአሥረኛንና የ11ኛን። ከሦስቱ አንዱ አሁን ሊያልቅ ነው።

ይህ በእኔ ቤት ደርሷል። የመጀመሪያ ልጄ ዘጠነኛ ክፍልን በ2.5 ጂፒኤ (ኤ 4 ነጥብ ተብሎ የሚሰላ የግሬድ አማካይ) ጨረሰ። አሥረኛን በ2.7። እኔም እንደ ባለቤትሽ «ሲበረታ ያነሣዋል» እያልኩ ቆየሁ። 11ኛ ክፍል ላይ እውነትም በረታ። ዓመቱን ሙሉ ኤ ብቻ አመጣ፤ 4.0። የትምህርት ቤቱ ካውንስለር፣ ማለትም የተማሪዎች አማካሪዋ፣ ጠርታኝ ወረቀቱን ፊቴ ስታስቀምጠው ግን የሦስቱ ዓመት አማካይ 3.07 ይላል። ያ ሁሉ ልፋት ከሦስት ነጥብ ብዙም ከፍ አላደረገውም። ልጄ ኮሌጅ ገባ፣ ጨረሰ፣ ዛሬ ሥራ ላይ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። 3.5 የሚጠይቁት ስኮላርሺፖች ግን አመለጡት። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለእሱ የነገረው ሰው አልነበረም፤ እኔም የጠየቅኩት ሰው አልነበረም።

አሁን ልጅሽ ወዳመጣችው ሲ እንምጣ። አንድ ሲ የልጅሽን ዕድል አይዘጋም። ከዓመት ወደ ዓመት እየተሻሻለ የሚሄድ ግሬድ ኮሌጆች በጥሩ ዓይን ያዩታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሲው በሂሳብ መሆኑ ነው፤ እዚህ አገር ሂሳብ እንደ መሰላል ነው። አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ እያለ ይወጣል። ልጅሽ ዘንድሮ አልጀብራ 1 ላይ ከሆነች በዓመት አንድ እየወሰደች 12ኛ ክፍል ላይ ፕሪካልኩለስ ትደርሳለች። ጂኦሜትሪ ላይ ከሆነች ደግሞ ካልኩለስ ትደርሳለች። ኢንጂነሪንግ ወይም ሳይንስ ለሚያስብ ልጅ ካልኩለስ ደርሶ መጨረስ ትልቅ ጥቅም አለው። አልጀብራ 1 ላይ ከሆነችም የሚያስደነግጥ አይደለም። በሰመር አንዱን ወስዶ ወይም በአንድ ዓመት ሁለት ሂሳብ ወስዶ የሚደርስ ልጅ አለ። ግን መሠረቱ ሳይጠና ወደ ላይ መግፋት የባሰ ነው።

ስለዚህ ሳትቆጪያት ጠይቂያት። ሲው የመጣው ፈተና ላይ ነው ወይስ የቤት ሥራ ሳታስገባ ቀርታ? ፓረንትቪው የሚባለው የትምህርት ቤቱ አፕ ላይ ያልገባው የቤት ሥራ ሁሉ ይታያል። ስልክሽ ላይ ከሌለ ዛሬ አስጭኚው። የይለፍ ኮዱን ትምህርት ቤቱ ይሰጥሻል። ብዙዎቹ የሂሳብ አስተማሪዎች በምሳ ሰዓት ወይም ከትምህርት በኋላ እርዳታ ለሚጠይቅ ልጅ ጊዜ አላቸው። ልጆቻችን ግን አይጠይቁም። እኛ «አስተማሪን አታስቸግሪ» ብለን ስላሳደግናቸው ይመስለኛል። እዚህ የሚጠይቅ ልጅ ነው የሚወደደው፤ ይህንን ደጋግመሽ ንገሪያት። ካን አካዳሚ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያስተምራል።

ካውንስለሯን አግኝተሻት ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ ላይ ስላላነሣሽው አይመስለኝም። እያንዳንዱ ተማሪ የተመደበለት ካውንስለር አለው። ካውንስለሮች ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ስላሏቸው መጥቶ የሚያንኳኳውን ነው ቀድመው የሚያስተናግዱት። እንግሊዝኛሽ አያስፈራሽ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጅን በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለበት። የእናንተ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ደግሞ አማርኛን በዋናነት ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርገውታል። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በይ፤ ነፃ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊያት። ስለ ራሷ ሲ ራሷ እንድትተረጉም ማድረግ ለእሷም ከባድ ነው፤ አንቺም ሙሉውን ላትሰሚ ትችያለሽ።

ኤፒ ስለሚባሉት፣ ሃይስኩል ውስጥ በኮሌጅ ደረጃ ስለሚሰጡት ከባድ ክላሶች ሌሎች እናቶች ብዙ ያወሩሽ ይሆናል። ሜይ ላይ ከ1 እስከ 5 የሚታረም ፈተና አላቸው። ብዙ ኮሌጆች 3 ወይም 4 እና ከዚያ በላይ ላመጣ ልጅ ክሬዲት ይሰጣሉ (የኮሌጁን ኮርስ እንደወሰደ ይቆጥሩለታል)፤ ያ የትምህርት ክፍያ ይቀንሳል። ስምንት ኤፒ ወስዶ እንቅልፍ አጥቶ የሚያለቅስ ልጅ ግን አይቻለሁ። በምትወደው ትምህርት አንድ ወይም ሁለት ወስዳ ትጀምር።

አሁን ገንዘቡ ጋ ደረስን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቤተሰቦቻችን በጣም የሚጎዱት በዚህ ነው።

የኮሌጅ ዋጋ እንደ መርካቶ ዕቃ ነው፤ የተጠራው ዋጋ ሌላ፣ የሚከፈለው ሌላ። ኮሌጅ ፓርክን ውሰጂ። በቅርብ ዓመታት ለሜሪላንድ ነዋሪ የዓመት የትምህርት ክፍያው 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ልጅ ከ40 ሺህ ያልፋል። መኝታና ምግብ ለብቻው ነው። እንግዲህ ልጅሽ ኒው ዮርክ ወይም ካሊፎርኒያ ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ካማራት ልዩነቱን አስቢው። በሌላ በኩል ደግሞ ስማቸው የሚያስፈራ፣ ገንዘብ የሞላቸው የግል ኮሌጆች አሉ። ኤምአይቲ ከ2025 ፎል ጀምሮ ገቢያቸው ከ200 ሺህ ዶላር በታች ከሆነና የተለመደ ያህል ሀብት ብቻ ካላቸው ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያ አይወስድም። መግባቱ እጅግ ከባድ ነው፤ ለገባ ልጅ ግን እንዲህ ያለው ቦታ ከጎረቤት ኮሌጅ ሊረክስ ይችላል። በፌዴራል ሕግ መሠረት የፌዴራል የተማሪ እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ዌብሳይቱ ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር የሚባል ማስሊያ ማስቀመጥ አለበት። ገቢያችሁን ስታስገቢ በእናንተ ቤት ሁኔታ ምን ያህል እንደሚደርስባችሁ ይገምትልሻል። ከባለቤትሽ ጋር አንድ እሑድ ሦስት ኮሌጅ ሞክሩ። ያን ጊዜ ከወሬ ትወጫለሽ።

ፋፍሳ ሲባል ሳትሰሚ አትቀሪም። ለኮሌጅ የመንግሥት እርዳታ የሚጠየቅበት ፎርም ነው፤ ነፃ ነው፤ ልሙላልሽ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ሽሺው። በተለመደው አሠራር ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ ልጅሽ 12ኛ ክፍል ሆና ትሞላዋለች። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ይህ ነው፦ ፎርሙ የሚያየው የዚያን ዓመት ገቢ ሳይሆን የሁለት ዓመት በፊቱን ታክስ ነው። ሲሰላ፣ ልጅሽ አሥረኛ ክፍል እያለች ጃንዋሪ ላይ የሚጀምረው ዓመት ይሆናል። ዓመት እንኳ አልቀረሽም ማለት ነው። ባለቤትሽ በኡበር ስለሚሠራ የነዳበትን ማይል፣ ለመኪናው ያወጣውን ሁሉ በወረቀት ይያዝ። ታክሱንም በወቅቱና በትክክል ያስገባ። በዚያ ዓመት ቤት ለመግዛት ብላችሁ ከ401ኬ (በሥራ ቦታ ከሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) ገንዘብ ካወጣችሁ እንደ ገቢ ይቆጠርባችኋል፤ የልጅሽም እርዳታ ይቀንሳል። ቢቻል ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይሁን።

ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ እርዳታ በ2024-25 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ነው። የእናንተን ገቢ ስለማላውቅ ይደርሳችኋል አልልሽም፤ ግን ሳይሞሉ መቅረት ትልቅ ጥፋት ነው። «እኛ አይሰጡንም» ብሎ ያልሞላ ስንት ቤተሰብ አውቃለሁ። ይህንን ለሚያነቡ ሌሎች ደግሞ፦ የመኖሪያ ወረቀታችሁ ገና ካላለቀና ፋፍሳ ካልተፈቀደላችሁ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኤምኤስኤፍኤኤ የሚባል የስቴቱ የራሱ ማመልከቻ አለ። ካውንስለሩን ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

የእቁብሽን 6,000 ዶላር በልጅሽ ስም ባንክ አታስገቢው። ፋፍሳ በተማሪው ስም ካለ ገንዘብ 20 በመቶውን ለኮሌጅ የሚውል አድርጎ ይቆጥረዋል። በወላጅ ስም ያለን ግን ቢበዛ 5.64 በመቶ ነው የሚቆጥረው። 529 የሚባል የኮሌጅ ቁጠባ በራስሽ ስም ክፈቺ፤ ልጅሽን ተጠቃሚ አድርጊያት። ሜሪላንድ ውስጥ ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ ቁጠባ የስቴት ታክስ ከሚከፈልበት ገቢሽ ላይ ይቀነስልሻል። ሁሉንም ግን አታስገቢ። ድንገት መኪናው ቢበላሽ ባለቤትሽ ሥራ ይፈታል፤ የክፉ ቀን ገንዘብ ይኑራችሁ።

ብድር ላይ አንድ ቃል። ልጆች በራሳቸው ስም የሚወስዱት የፌዴራል ብድር መጠኑ የተወሰነ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት 5,500 ዶላር። የሚያስፈራኝ ወላጅ በስሙ የሚፈርመው ፓረንት ፕላስ ነው። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ በዓመት 20 ሺህ፣ ለአንድ ልጅ በጠቅላላው 65 ሺህ ዶላር ተብሎ ተገድቧል። ገደቡ ራሱ ለአንቺ ቤት ብዙ ነው። የኮሌጁ ስም ስላኮራን ብቻ በ50 ዓመታችን እንዲህ ያለ ዕዳ አንግባ። ታናናሾቿም ተራቸው ይደርሳል።

ለዚህ ነው ዋጋው ዝቅ ያለውን የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅን፣ በተመለከተ ማኅበረሰባችን አስተያየቱን እንዲቀይር የምለምነው። «የደከመ ልጅ ነው የሚገባበት» ይባላል። ልጃቸው እዚያ መግባቱን ለዘመድ የሚደብቁ ሰዎች አሉ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እኮ እዚያው ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ አለው፤ ከቤትሽ በአውቶቡስ ይደረሳል። ሁለት ዓመት እዚያ ተምሮ፣ ዲግሪውን ግን ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ መያዝ ይቻላል። ወደ ኮሌጅ ፓርክ ለሚያልፉ ልጆች ኤምታፕ የሚባል ፕሮግራም አለ። ሮክቪል ሼዲ ግሮቭ ላይ ደግሞ የተለያዩ የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ግቢ ያስተምራሉ፤ ነርሲንግም አለ። ቨርጂኒያ ያላችሁም ከኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግረውን አድቫንስ የሚባለውን ፕሮግራም ጠይቁ። ከዚህም ሌላ ልጅሽ ገና ሃይስኩል እያለች የኮሌጅ ክላስ መውሰድ ትችላለች፤ ዱዋል ኢንሮልመንት ይባላል። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ክፍያው የሚሸፈንበት መንገድ አለ። ማን እንደሚፈቀድለትና መቼ እንደሚመዘገቡ ካውንስለሯን ጠይቂ።

ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ፦ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ተማሪ ለመመረቅ 75 ሰዓት ያስፈልገዋል። ቤተ ክርስቲያን የምታገለግለው እንዲቆጠርላት ከፈለገች አስቀድማ ትጠይቅ፤ ሃይማኖታዊ ያልሆነው ሥራ ነው የሚቆጠረው፣ ማጽደቂያም ሊያስፈልግ ይችላል። ግን ልጅሽ ቤት የምትሠራውንም አትናቂው። ሁለታችሁም ሥራ ላይ ስትሆኑ ታናናሾቿን የምታበላ፣ የቤት ሥራቸውን የምታሠራ እሷ ናት ብዬ እገምታለሁ። ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የሚባለው ማመልከቻ አሥር የሥራና የእንቅስቃሴ ቦታዎች አሉት፤ ከምርጫዎቹ ውስጥ «የቤተሰብ ኃላፊነት» እና «የሚከፈልበት ሥራ» ተጽፈዋል። የእኛ ልጆች ይህን ሳይጽፉ ይቀራሉ። «ክለብ የለኝም» ብለው ባዶ ይተዉታል። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠራ ከአሁኑ ደብተር ላይ ትመዝግብ።

ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ገና ሩቅ ነው። አሥረኛና 11ኛ ክፍል ላይ ፒኤስኤቲ የሚባለውን ልምምድ ትወስዳለች፤ የ11ኛው ለናሽናል ሜሪት ስኮላርሺፕ ይቆጠራል። ዋናውን ብዙዎች 11ኛ ክፍል በጸደይ ይወስዱታል። የማይጠይቁ ኮሌጆች አሉ፤ እንደ ኤምአይቲና ጆርጅታውን ያሉት ደግሞ ይጠይቃሉ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ክፍያው ነፃ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ መጽሐፍ ታንብብ። እንግሊዝኛውን የሚያሳድገው ንባብ ነው።

ዶክተር መሆን መፈለጓና አለመፈለጓ አያስጨንቅሽ። 15 ዓመት ያልበለጣት ልጅ ናት። እዚህ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባው መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ ተይዞ ስለሆነ ዛሬ የሚወሰን ነገር የለም። አንቺ ግን የምትሠሪው ሥራ አለሽ። አንድ ቀን ሥራሽን በዝርዝር አውሪያት፤ ነርሶቹን፣ የፊዚካል ቴራፒ ሠራተኞቹን፣ የሚወዱትንና የሚያማርሩትን። ዶክተርና ኢንጂነር ብቻ ሲጠራላቸው የሚያድጉ ልጆች መሀል ላይ ያሉትን ሙያዎች አያውቋቸውም።

የ3,000 ዶላሩን አማካሪ ተዪው። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አልከፍልም። በዘጠነኛ ክፍል የሚያስፈልግሽን ሁሉ ካውንስለሯና የካውንቲው ቤተ መጻሕፍት በነፃ ይሰጡሻል። ያ ገንዘብ 529 ውስጥ ይግባ፤ ወይም ሂሳቡ እየከበዳት ከሄደ ለጥቂት ወራት አስጠኚ ይቀጠርበት።

ባለቤትሽን በክርክር አትያዥው። ፓረንትቪውን እሱም ስልክ ላይ ጫኚለት። ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይየው። የእኔ ባለቤት ልጁ ያላስገባው የቤት ሥራ በራሱ ስልክ ላይ ሲመጣለት ነው «ገና ነው» ማለቱን ያቆመው።

ለካውንስለሯ ደግሞ ይህንን ጻፊላት፤ በስልክሽ መተርጎሚያ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሪው፦ «የአንዲት ተማሪዎ እናት ነኝ። ስለ ልጄ የሂሳብ ክላስና ስለ ሦስቱ ቀሪ ዓመታት እቅድ ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ። የአማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል። የምሠራው በሺፍት ስለሆነ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት ይመቸኛል። ትራንስክሪፕቷን አብረን እንድናየው እለምናለሁ።» ቀኖቹን በሺፍትሽ ቀይሪያቸው፤ የልጅሽን ሙሉ ስምና የተማሪ ቁጥሯን ጨምሪበትና ሰኞ ጠዋት ላኪው።